ካሜራና ፎቶ ፕሪንተር በትንሽ ገንዘብ፦ ከወረቀቱ ጀምሩ

የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ የምረቃ፣ የልደትና የክርስትና ፎቶ አትማለሁ። ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልጉ ልጆች ሱቄ ብቅ እያሉ «ምን ልግዛ?» ይሉኛል። አብዛኞቹ የያዙት ገንዘብ ብዙ አይደለም። ዕቁብ ደርሷቸው ያገኙት ወይም ዘመድ ከውጭ የላከላቸው ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ለዚህ ነው ነገሩን ዘርዘር አድርጌ መጻፍ የፈለግኩት።

ሁሉም ሰው ከካሜራው ይጀምራል። እኔ ግን ከወረቀቱ ጀምሩ እላለሁ። ደንበኛ የሚከፍላችሁ ለታተመው ፎቶ ነው፤ እናት አልበም ውስጥ የምታስቀምጠውም እሱኑ ነው። ምን ያህል ስፋት ያለው ፎቶ እንደምታትሙ ከወሰናችሁ የሚበቃችሁን ካሜራም፣ የሚያዋጣችሁን ፕሪንተርም መምረጥ ይቀላል።

እስቲ እናስላው። ጥርት ያለ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። የተለመደችው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በዚህ ሂሳብ 1181 በ1772 ነጥብ ትሆናለች። ሜጋፒክስል ማለት አንድ ሚሊዮን ነጥብ ስለሆነ ይህ ወደ 2 ሜጋፒክስል ነው። ሙሉ ኤ4 ወረቀት ደግሞ 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ 9 ሜጋፒክስል አይሞላም። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ለሆነችው ጉርድ ፎቶ ሩብ ሜጋፒክስል እንኳ ይተርፋታል። በ2011 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣው ካኖን 600ዲ 18 ሜጋፒክስል አለው። ያነሳችሁትን ፎቶ ግማሹን ቆርጣችሁ ብትጥሉት የቀረው ለኤ4 ይበቃል። ስለዚህ ሻጭ «ይሄኛው 32 ሜጋፒክስል ነው» እያለ ዋጋ ሲቆልልባችሁ ጆሮ አትስጡት። የናንተ ወረቀት ያን ያህል አይጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ስልካችሁ ደህና ካሜራ ካለውና የምትፈልጉት የቤተሰባችሁን ፎቶ አትሞ አልበም ማስገባት ብቻ ከሆነ ካሜራውን ተዉት። ገንዘቡን ፕሪንተርና ጥሩ ወረቀት ላይ አውሉት። ካሜራ የሚያስፈልጋችሁ ሰው ከፍሏችሁ ስታነሱ፣ ጨለም ያለ አዳራሽ ውስጥ ስትገቡ፣ ፍላሽ ስትጠቀሙ፣ ወይም በጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ከሩቅ ቆማችሁ የካህናቱን ፊት ማግኘት ሲያምራችሁ ነው።

ገንዘቡን እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ?

እዚህ ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ባለበት አይቆይም። የምጽፈው ክፍፍሉን ነው። ያላችሁን ገንዘብ አሥር ቦታ ክፈሉት። አምስቱ ለካሜራና ለሌንስ፣ ሦስቱ ለፕሪንተር፣ ሁለቱ ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ለሜሞሪ ካርድና ለተጨማሪ ባትሪ ይሁን። ሰው የሚረሳው እነዚህን የመጨረሻ ሁለቱን ነው። ካሜራውና ፕሪንተሩ ተገዝተው፣ ወረቀት መግዣ ጠፍቶ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ አቧራ ሲለብስ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል።

የትኛው ካሜራ?

ያገለገለ ግዙ። በዚህ ገንዘብ አዲስ ካሜራ ስትፈልጉ የምታገኙት በአብዛኛው ዙሙ 40 እጥፍ፣ 50 እጥፍ የሚባልለትን ባለ ትንሽ ሴንሰር ካሜራ ነው፤ ሴንሰር ማለት ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ምንም አይልም። ማታ ሳሎን ውስጥ ግን ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። «ሚረርለስ» የሚባሉት መስታወት አልባ አዳዲስ ካሜራዎች አሪፍ ናቸው፤ ሌንሳቸው ግን ኪስ ይጎዳል። ለሁለተኛ ካሜራችሁ አቆዩዋቸው።

እኔ የምመክረው ካኖን 600ዲ ወይም 700ዲ ነው። ሁለቱም ኤልፒ-ኢ8 የሚባለውን አንድ ዓይነት ባትሪ ይጠቀማሉ። ስክሪናቸው ወደ ጎን ይከፈታል፣ ይዞራል። ከኒኮን ደግሞ ዲ3200 ወይም ዲ5200 ጥሩ ነው፤ ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው። በጥራት ብዙ አይበላለጡም። ካኖንን የማስቀድመው ሥራ ላይ ሌንስ መዋዋስ ስላለ ነው። አብረዋችሁ የሚሠሩት ልጆች የያዙት ምን እንደሆነ አይታችሁ ወስኑ፤ እነሱ ኒኮን ከያዙ ኒኮን ግዙ።

ኒኮን ከገዛችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዲ3000 እና ከዲ5000 ተርታ ያሉት ካሜራዎች ውስጥ ሌንስ የሚያንቀሳቅስ ሞተር የለም። ስለዚህ ሞተሩ ራሱ ሌንሱ ላይ ያለውን፣ «ኤኤፍ-ኤስ» ተብሎ የተጻፈበትን ግዙ። «ኤኤፍ» ብቻ የሚለውን የድሮ ሌንስ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ብትገዙ ፎከሱን በእጃችሁ ስታሽከረክሩ ትውላላችሁ። የሠርግ ቀን ይህ አይሆንም።

ከካሜራው ጋር 18-55 ሚሊ ሜትር የሚባለው ሌንስ ይመጣል። ለመጀመር ይበቃል። ቀጥላችሁ የምትገዙት 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ይሁን። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ሲበዛ ይጠባል። 18-55 ሌንስ 50 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው። ኤፍ 1.8 ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በአንድ አምፖል ቤት ውስጥ ስታነሱ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። ግን 50 በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ጠበብ ይላል፤ ካኖን ላይ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ያነሳል። ለጉርድና ለግማሽ አካል ፎቶ ግሩም ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቡና የምታፈላዋን ከነረከቦቷና ከነቄጤማው ላስገባ ብትሉ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ሥራችሁ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከሆነ ካኖን ለያዘ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8፣ ኒኮን ለያዘ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

ድሮ «ካሜራ ፒያሳ ነው» ብሎ መናገር ይቻል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ከፊሉ ሲፈርስ ብዙ ሱቅ ቦታውን ቀይሯል። አሁን ብዙው ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው በቴሌግራም ነው። ሻጩ ቀብድ በባንክ አስገቡ ካለ አይሆንም በሉ። ዕቃው ታይቶ፣ ተሞክሮ፣ ከዚያ ይከፈላል።

ሁሌም በቀን ተገናኙ። የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድና ነጭ ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። ነጠላው ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ 600ዲ ልትገዛ ስትል አብሬያት ሄጄ ነበር። ሻጩ የቀጠረን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካፌ ውስጥ ነው። ካፌው ጨለም ያለ ስለነበር ማኪያቷችንን ጠጥተን ውጪ ወጣን። መጀመሪያ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 22 አጠበበችና ወደ ነጭ ግድግዳ አነሳች። ፎቶውን አጉልታ ስታይ ጥግ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው?» አለችኝ። አልተበላሸም። ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፤ በአየር መንፊያ ይወጣል። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

ከዚያ ሌንሱን አወለቅን። የስልኬን መብራት ከኋላ አብርቼ በፊት በኩል አየንበት። ውስጡ ካለው መስታወት ጠርዝ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ፣ ቅርንጫፍ ያወጡ ነጫጭ ክሮች ነበሩ። ይህ ሻጋታ ነው። እርጥበት ያለበት ቦታ የተቀመጠ ሌንስ ያወጣዋል። ሻጩ «ይጠረጋል» አለ። ከውስጥ ያለ ሻጋታ በጨርቅ አይጠረግም። ሌንሱን ትተን ካሜራውን ብቻ ወሰድን፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ወረደ።

ሌንሱ ደህና ከሆነ ደግሞ ዙሙን ከ18 እስከ 55 ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ በየመሃሉ አንሱ። ካኖን ላይ «ኤረር 01» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ካሜራውና ሌንሱ በትክክል እየተገናኙ አይደለም። ወርቃማዎቹን የሌንሱን መገናኛዎች በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉና ሞክሩ። ከተመለሰ ሌንሱን አትግዙ። ካርድ የሚገባበትን ቦታ በመብራት እዩ፤ የታጠፈ መገናኛ መኖር የለበትም። ፍላሹ መነሳቱን፣ ባትሪውም ቻርጅ መያዙን እዩ።

ሻተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራ መጠየቅም አለባችሁ። እነዚህ ካሜራዎች 100,000 ጊዜ ያህል እንዲያነሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ያ ቁጥር ሲሞላ ወዲያው ይሞታሉ ማለት አይደለም፤ ግን 90,000 ያነሳና 15,000 ያነሳ ካሜራ አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም። የኒኮን ቁጥር ያነሳችሁት የጄፔግ ፎቶ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ በኮምፒውተር ይነበባል። ካኖን ግን ካሜራው በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በፕሮግራም ነው የሚታየው። ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው።

አሁን ነጠላው። አንድ ሰው አልብሳችሁ ጥላ ውስጥ አንሱት። ካሜራው ነጩን ልብስ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። የኛ የበዓል ፎቶ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መደወያውን ከአረንጓዴው አውቶ አውጥታችሁ «ፒ» ላይ አድርጉና ብርሃኑን ወደ ፕላስ አንድ ከፍ አድርጉ። ፊቱ ይፈካል። የምረቃ ጥቁር ጋዋን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ጨለማ መስሎት ፊቱን ያነጣዋል፣ ስለዚህ ወደ ማይነስ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ሻጩ ፊት ይህን ስትሞክሩ የካሜራው ቁልፎች ሁሉ መሥራታቸውንም አብራችሁ ታያላችሁ።

ፕሪንተሩ

በመጀመሪያ መግዛት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስሉ። ሰፈራችሁ ያለው ፎቶ ማተሚያ ቤት (ላብ) አንድ 10 በ15 ፎቶ በስንት እንደሚያትም ጠይቁ። ከዚያ ላይ የአንድ ወረቀት ዋጋ ቀንሱ። የቀረው ቀለሙን፣ መብራቱንና የሚበላሸውን ወረቀት መሸፈን አለበት። መጀመሪያ አካባቢ ከ20 ወረቀት ሁለቱ ይበላሻሉ ብላችሁ ያዙ። በወር የምታትሙት ጥቂት ከሆነ ላብ መውሰድ ይሻላል። ደንበኛው ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ እንደ ጉርድ ፎቶ፣ ፕሪንተር የግድ ነው።

ርካሹን ባለ ካርትሬጅ ፕሪንተር አትንኩት። ማሽኑ ይረክስና ቀለሙ ያስለቅሳል። የምትፈልጉት ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላ ባለ ታንክ ነው። ለፎቶ ብቻ ከሆነ ኢፕሰን ኤል805 ወይም እሱን የተካው ኤል8050 ይሁንላችሁ። ስድስት ቀለም አላቸው፤ ከተለመዱት አራቱ ሌላ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይጨምራሉ። ጥቅሙ የሚታየው ጉንጭ ላይ ብርሃን ያረፈበት ቦታና የነጠላው እጥፋት ላይ ነው፤ በአራት ቀለም ነጠብጣቡ የሚታይበት ቦታ እዚህ ልስልስ ይላል። ፎቶ ኮፒና የጽሑፍ ሥራም ካላችሁ እንደ ኤል3250 ያለው ባለ አራት ቀለም ኮፒም ስካንም ያደርጋል። እሱን ስትገዙ ያለ ነጭ ጠርዝ እስከ ምን ስፋት እንደሚያትም ጠይቁ።

ሦስተኛው አማራጭ ካኖን ሴልፊ ነው፤ ሲፒ1300 ወይም ሲፒ1500። ትንሽ ናት፤ ከ10 በ15 የሰፋ አታትምም። ቀለሟ ፈሳሽ አይደለም። ወረቀቱ አራት ጊዜ እየወጣ እየገባ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም መከላከያ ሽፋን ይለብሳል። ወር ሙሉ ሳትነኳት ብትቀመጥ አትደፈንም። ቀለምና ወረቀቷ አብረው በአንድ ፓኮ ይመጣሉ፤ ትልቁ ፓኮ 108 ፎቶ ነው። ስለዚህ የአንዱን ፎቶ ወጪ ሳትሳሳቱ ታውቃላችሁ። አልፎ አልፎ ለሚያትም ሰው ከሷ የተሻለ አላውቅም። ግን ፓኮዋን ያለማቋረጥ የምታገኙበትን ሱቅ ወይም ከዱባይ የሚያመጣላችሁን ሰው ሳታረጋግጡ አትግዟት።

ያገለገለ ባለ ታንክ ፕሪንተር የምትገዙ ከሆነ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ምን ቀለም ነበር የሚሞላበት?» ይሁን። ኤል805 ብዙ ጊዜ ኩባያና ቲሸርት ላይ ለሚታተመው የሰብሊሜሽን ሥራ ይውላል። ያ ቀለም ፎቶ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ድብዝዝ ይላል። ከዚያ «ኖዝል ቼክ» የሚባለውን መፈተሻ ፊታችሁ አሳትሙ። የሁሉም ቀለም መስመሮች ሳይቆራረጡ መውጣት አለባቸው። ፕሪንተሩ ራሱን ሲያጸዳ የሚተፋውን ቀለም የሚመጠው የቆሻሻ ቀለም ስፖንጅም ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ስፖንጁ ሳይቀየር ቆጣሪው በፕሮግራም ሪሴት ተደርጎ ብቻ ይሸጣል፤ ስፖንጁ ከሞላ ግን ቀለሙ ከሥር መፍሰሱ አይቀርም። ወደ ቤት ስትወስዱት በጎኑ አታስተኙት። ታክሲ ውስጥ ጭናችሁ ላይ፣ እንደቆመ ይሁን።

መብራትና ደረቅ አየር

ፕሪንተሩን ሁልጊዜ በራሱ ቁልፍ አጥፉት። በቁልፉ ሲጠፋ ቀለሙን የሚረጨው ጭንቅላት ወደ ቦታው ተመልሶ ይከደናል። ከሶኬት ነቅላችሁ ወይም ኤክስቴንሽኑን አጥፍታችሁ ብትሄዱ ጭንቅላቱ ሳይከደን መሃል ላይ ሊቀር ይችላል፤ ቀለሙ ይደርቅና ይደፈናል። መብራት እያተመ ሳለ ከሄደም፣ ሲመጣ አብርታችሁ እንደገና በቁልፉ አጥፉት። ስታብላይዘር ይኑራችሁ፤ አቅም ካለ ዩፒኤስ። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ሥራ ባይኖርም በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ፎቶ አትሙ። ከማስጠገን ይረክሳል።

የመጀመሪያው ህትመት

የወረቀቱን ፊት መለየት ካቃታችሁ ጣታችሁን በትንሹ አርጥባችሁ ጥጉን ንኩት። ቀለም የሚቀበለው ፊት ጣት ላይ ይጣበቃል። ወፍራም ግሎሲ ወይም ሳቲን ግዙ፤ ከ230 ግራም በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ግሎሲ ብላችሁ ምረጡ። «ፕሌን» ላይ ትታችሁ ካተማችሁ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ጥፋቱ የፕሪንተሩ ይመስላችኋል። የካሜራችሁም የቀለም ምርጫ (ከለር ስፔስ) ኤስአርጂቢ ላይ ይሁን።

ስክሪን ብርሃን ያወጣል፣ ወረቀት አያወጣም። ስለዚህ ህትመቱ ሁሌም ከስክሪኑ ጠቆር ይላል። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርዳችሁ ፎቶውን አስተካክሉ። አንድ ፊት በሦስት የብርሃን መጠን አትማችሁ፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩን ጽፋችሁ ከፕሪንተሩ አጠገብ ለጥፉት። ቀጣዩን ፎቶ ስታስተካክሉ መለኪያችሁ እሱ ነው። የቀለም ብራንድ ከቀየራችሁ እንደገና አትሙት።

የካሜራ ፎቶ ከ10 በ15 ጋር ልክ ነው። ኤ4 ላይ ግን ከጎን በኩል ይቆረጣል፤ የስልክ ፎቶ ደግሞ 10 በ15 ላይ ይቆረጣል። ስታነሱ ከሰው ጭንቅላት በላይና ከጎን ትርፍ ቦታ ተዉ። የቡድን ፎቶ ላይ ዳር የቆመው ሰው ትከሻው የሚጠፋው በዚህ ነው።

ለጉርድ ፎቶ በአንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ ስምንት 3 በ4 ፎቶ መቁረጫ ቦታ ተትቶለት በምቾት ይገባል። ህትመቱ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ በመቀስ ሳይሆን ባለ ምላጭ መቁረጫ ቁረጡ። መጠኑና የጀርባው ቀለም እንደየመሥሪያ ቤቱ ስለሚለያይ ደንበኛው ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት የት እንደሚያስገባው ጠይቁት።